ተጠሪ ስላልተገኘለት ቁጥር ስልሳ አንድ

ለተከበሩ የአማተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ማኅበር
የምዝገባና ሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አንዲት ባዶ ሳጥን

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ወገብዎ ከወንበር ብዛት፣ ክንድዎ ከማኅተም ክብደት፣ ዓይንዎም ከእኛ ከአባላቱ የእጅ ጽሑፍ የተነሳ እንዳይጎዳብዎ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ከቀኝ ትከሻዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ትከሻዬም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው የሚናገረው፤ በዚህ ረገድ በቤቴ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ተጫዋቹ እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችልበት መንገድ የጻፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ። በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው ክፍል ተመርተዋል» ተባልኩ፤ የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ስጠይቅ የእርስዎ ክፍል መሆኑ ተነገረኝ፤ ወደ እርስዎ ክፍል ስመጣ ደግሞ ክፍሉ ደብዳቤዎቹን ወደሚመለከተው ክፍል መምራቱን በትሕትና አስረዱኝ። ደብዳቤዎቼ እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ከነዳሁት ርቀት በላይ እንዳይጓዙ ስለሰጋሁ ይህኛውን በአደባባይ አቆምኩት።

ምናልባት ካላስታወሱኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው። ሙያዬ አሳንሰር መጠገን ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜዬ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በማኅበርዎ ጥላ ሥር ቁጥር ስልሳ አንድን ጀርባዬ ላይ ለጥፌ የምወዳደር ብስክሌተኛ ነኝ። «የምወዳደር» የሚለው ቃል ትንሽ እንደሚሰፋኝ አላጣሁትም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያስመዘገብኩት ከፍተኛ ውጤት ከአርባ ስድስት ሰው ሃያ ዘጠነኛ መውጣት ነው፤ በዚያን ዕለት አሥራ ሁለቱ ኩርባ ላይ ተደራርበው መውደቃቸውንም ሳልጠየቅ አያይዤ እገልጻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘንድሮው የመመዝገቢያ ቅጼ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶልኛል። ምክንያቱ በሦስቱም ጊዜ አንድ ነው፦ በገጽ ሁለት፣ ከደም ዓይነት በታች ከፊርማ በላይ ያለችው «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» የምትል ሳጥን በአግባቡ አልተሞላችም። ምዝገባው የሚዘጋው አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። በደንብዎ መሠረት ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ አባል ምዝገባው ለአንድ ዓመት ከተቋረጠ ዳግመኛ አይመዘገብም። እንግዲህ አርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ጀምሮ እኔ የቀድሞ ብስክሌተኛ እሆናለሁ ማለት ነው።

ሳጥኗ አራት ጣት ወርድ፣ ሁለት ጣት ቁመት አላት። ለክቻት ነው፤ መለካት የሙያዬ ልማድ ነው። አንድ ጎልማሳ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የራሱ ገቢ ያለው ሰው በአራት ጣት ቦታ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ ስልክና ዝምድና መጻፍ አቅቶት ከመንገድ ሲቀር ማየት ክቡርነትዎን ሳያስገርም አይቀርም። እኔንም አስገርሞኛል። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ምስጋናዬንም ጭምር፣ ፋይል ለመክፈት እንዲያመችዎ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ። በዚያች ሳጥን ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ የኖርኩት የባለቤቴን ስም ነበር። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን አራት ዓመት ሆኖናል። ስሟን መጻፌን ያላቋረጥኩት ማኅበሩን ለማታለል አስቤ ሳይሆን እጄ ስለለመደው ነው፤ ደግሞም ማንም ደውሎ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ክፍልዎ «ተጠሪዎችን የማጣራት ዘመቻ» የተባለ ነገር ጀመረ፤ ባለሙያዎም ስልክ አንስታ ደወለችላት። ባለሙያዋ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነች ያወቅሁት ቅጹ ሲመለስልኝ ነው፤ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተደረገውን ንግግር ቃል በቃል አስፍራዋለች። እነሆ፦

«ተጠሪዋ ከሰውዬው ጋር ከተፋታን አራት ዓመታችን ነው፣ ምነው ሞተ እንዴ ሲሉ ጠይቀዋል። አይ ለማጣራት ነው ተብለዋል። እንግዲያው ደህና ብለው ዘግተዋል።»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ አገልግሎት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በአራት ዓመት ውስጥ ባለቤቴ የነበረችው ሴት ስለ እኔ አንድ ጥያቄ መጠየቋን የሰማሁት በእርስዎ ቢሮ በኩል ነው። ጥያቄው በሕይወት ስለመኖሬ መሆኑም ለነገሩ ክብደት ይሰጠዋል። «እንግዲያው ደህና» የምትለዋን ሐረግ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ድስቱ ሊያርርባት ሆኖ ስልኩን ለመዝጋት መቸኮልም ሊሆን ይችላል። ቀይ እስክሪብቶ ይህን አይለይም። ወደፊት ባለሙያዋ የድምፁንም ሁኔታ ብትመዘግብልን ለብዙ አባላት ጠቃሚ መረጃ ይሆናል የሚል አስተያየት አለኝ።

፪ኛ። ስሟን ሰርዤ የብስክሌት ጠጋኙን የጋሼ ብሎንን ስም ጻፍኩ። ጋሼ ብሎን ይህ ስም የወጣላቸው በሰፈሩ የጠፋ ብሎን ሁሉ ከእሳቸው የካፖርት ኪስ ስለሚገኝ ነው። ብስክሌቴን ከእኔ አብልጠው ያውቋታል፤ ስልካቸውንም ያነሳሉ። ሳስፈቅዳቸው ምን ቸገረኝ ጻፈኝ እንጂ አሉኝ፤ ብቻ ከወደቅህ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሳይክሏ ነው፣ እንዳትቀየመኝ ሲሉም አስጠነቀቁኝ። አልተቀየምኳቸውም። ስለ ሳይክሌ የሚጠይቅ ሰው ቀጥሎ ስለ ነጂው መጠየቁ አይቀርም ብዬ ነበር።

ቅጹ በስምንተኛው ቀን ተመለሰ። ለካ በደንቡ «ተጠሪው በውድድሩ ዕለት በውድድሩ ቦታ የሚገኝ ሰው መሆን የለበትም፤ በቦታው ያለ ሰው ሊጠራ አይችልምና» የሚል ንዑስ አንቀጽ አለ፤ ጋሼ ብሎን ደግሞ መፍቻቸውን ይዘው ከማንኛውም ውድድር ቀርተው አያውቁም። ይህን አንቀጽ ያረቀቀውን ሰው በአካል ማግኘት እፈልጋለሁ። ሰው ሲወድቅ አጠገቡ ያለ ሰው ለምንም እንደማይጠቅም በእንዲህ ያለ አጭር ዓረፍተ ነገር ያስረዳ ጸሐፊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ብዙ አነባለሁ።

፫ኛ። ቅጹን ልወስድ በመጣሁበት ዕለት ባለሙያዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ጎረቤት የለዎትም ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አለኝ። አሳንሰር ጠጋኝ ብሆንም የምኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከእኔ በታች ሦስተኛው ላይ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ይኖራሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብስክሌቴን በትከሻዬ ተሸክሜ ስወርድ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ እኔ እንደምን አደሩ፣ እሳቸው እግዚአብሔር ይመስገን ግድግዳውን እንዳትፍቀው፣ ስንባባል ኖረናል። ይህን ቅርበት ይዤ ቅጹን በእጄ አድርጌ አንኳኳሁ።

መጀመሪያ ስለሚያፈሰው ቧንቧ አቤቱታ የማስፈርም መስሏቸው ፊርማቸውን በደም ዓይነት ላይ አኖሩት። ነገሩን ሳስረዳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና በቅድሚያ ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንዳይረሱት በመስፊያ ጠመኔያቸው ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ጨርቅ ጠርዝ ጻፉት፤ ጠመኔው ሲተኮስ እንደሚጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ አሰብ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«እሺ ልጄ፣ ደወሉልኝ እንበል። ሰውዬው ወድቋል አሉኝ። እኔስ ለማን ልንገር?»

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጥያቄ በቅጽዎ ላይ የለም። ደግነቱ የለም። እሳቸው መርፌና ክራቸውን ይዘው መልሴን ጠበቁ፤ እኔ ደግሞ የስፌት መኪናቸውን ፔዳል እያየሁ ይህም ፔዳል ነው እንግዲህ፣ ግን የትም አያደርስም፣ እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻም አልቸግርዎትም ብዬ ቅጹን አጥፌ ወጣሁ። ስለዚህ ይህኛው በእርስዎ ላይ ቅሬታ አይደለም፤ ከተራ ቁጥሩ ሊሰርዙት ይችላሉ።

፬ኛ። በሦስተኛው ቅጽ ላይ የጻፍኩት የራሴን የሥራ ስልክ ነው። «ተጠሪና ተወዳዳሪ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም» የሚለው ውሳኔዎ በሁለት ቀን ደረሰኝ፤ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ይህን ያደረግሁት በቀልድ ወይም በንቀት ተደርጎ በፋይሌ እንዳይያዝብኝ የስልኩን ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል።

በዚህ ከተማ ስልሳ ሁለት አሳንሰሮች ውስጥ ከአዝራሮቹ በላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች፤ «በአደጋ ጊዜ ይደውሉ» ትላለች፤ ቁጥሩ የእኔ ነው። ሰው በሁለት ፎቅ መካከል ተይዞ መብራት ሲጠፋበት የሚደውለው ለእኔ ነው። ዳኛም ዶክተርም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ፣ ደውለውልኛል። ቀድሜ የምላቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አይዞዎት፣ የት ነው ያሉት፣ እላለሁ። የት እንዳሉ እንኳ ባያውቁ እስክደርስ ድረስ ስልኩን አልዘጋም። አሥር ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ያወራሁት ሰው በሩ ሲከፈት ዓይኔን ሳያይ ወጥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው። ለማለት የፈለግሁት፣ በሙያዬ ተጠሪ መሆኔን ነው። ለስልሳ ሁለት ሳጥን ተጠሪ ሆኜ ለስልሳ ሦስተኛዋ ብሆን ምን አለበት ብዬ አሰብኩ።

ሐቁን ለመናገር ግን አሠራሩ እንደማያስኬድ እርስዎ ሳይወስኑ በፊት በመንገድ ላይ ፈትሼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በሦስተኛው ውድድር፣ ከድንጋይ ካባው በኋላ ባለው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። ከእኔ ኋላ መሆን የነበረበት፣ የደከሙትንና የወደቁትን የሚለቅመው የማኅበሩ መኪና ከእኔ ፊት ነበር። ሾፌሩ ሰዓቱን አይቶ፣ ከዚህ በኋላ የቀረ ሰው ካለ ብስክሌተኛ አይደለም፣ ብሎ መሄዱን ኋላ ሰማሁ፤ ግምገማውን አልቃወምም። ኩርባው ላይ ከገልባጭ መኪና የፈሰሰ አሸዋ ነበር። የፊት ጎማዬ ከሥሬ ሸሸ፤ በቀኝ ትከሻዬ አስፋልቱን ሰላም አልኩትና ከቦዩ ዳር ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ሲወድቅ ቢያንስ ከኋላው የሚመጣ ይጮህለታል። እኔ ከኋላዬ የሚመጣ አልነበረም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሁለት መኪናዎች ጥሩምባ ነፍተውልኝ አልፈዋል። ሦስተኛው ሲሚንቶ የጫነ ትልቅ የጭነት መኪና ሲሆን ቆመ። ሾፌሩ ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለ ወፍራም ሰው ነው፤ ወረደና ከላይ እስከ ታች አየኝ። ክንዴ መንቀሳቀስ እንዳቃተው ሲያውቅ ስልኩን አወጣና «ማንን ልጥራልህ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ጭንቅላቴ የተመታ መስሎት ጣቶቹን አስቆጠረኝ። በትክክል ቆጠርኩለት። «እንግዲያው ማንን ልጥራልህ?» አለ ደግሞ።

በቃሌ የማውቀው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው የቀድሞ ባለቤቴ ስልክ ነው፤ ሳጥን መሙላት ሌላ፣ ሰው ማስደንገጥ ሌላ፣ እሱን መስጠት አልወደድኩም። ሁለተኛውን ሰጠሁት። ቁጥሩን ከአፌ እየተቀበለ መታው። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ከዚያ ከማልያዬ የጀርባ ኪስ፣ በሙዙና በፓምፑ መካከል ስልክ ጮኸ።

ሾፌሩ ጀርባዬን አየ፤ ስልኩን አየ። እኔ፣ ይመኑኝ ልማድ ክፉ ነገር ነው፣ ደህናውን እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ አነሳሁትና «አይዞዎት፣ የት ነው ያሉት?» አልኩ።

ሰውዬው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ «እዚሁ ነኝ፣ አጠገብህ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ አንተው ነህ» አለኝ። አልሳቀም። ቢስቅ ይቀለኝ ነበር።

ብስክሌቴን ከሲሚንቶ ከረጢቶቹ ላይ አጋደማት፣ እኔን ከጎኑ አስቀመጠኝ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ሥር ጎዘጎዘልኝና ክሊኒክ አደረሰኝ። እዚያም ቅጽ አለ። የክሊኒኩ ቅጽ «ተጠሪ» አይልም፤ «ታካሚውን ያመጣው ሰው» ነው የሚለው። ሾፌሩ ስሙን በሲሚንቶ እጁ ጻፈ፣ አቧራው ላዩ ላይ ተበተነና ሊነበብ አልቻለም። ጭነቱ ስለሚጠበቅ ሄደ። ስሙን አላውቅም፤ ስልኬን ግን እሱ ሳያውቀው አይቀርም፤ ደውሎበታልና።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ውሳኔዎ ትክክል ነው። ተጠሪና ተወዳዳሪ አንድ ሰው ሲሆኑ የሚፈጠረውን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለበት ሰውዬው ለምን አይተወውም፣ ማለትዎ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለማሸነፍ ነው እንዳይሉ፣ እኔ በምደርስበት ሰዓት በመጨረሻው መስመር ላይ የተነፋችው ቅስት አየሯ ወጥቶ፣ ሁለት ሰዎች እንደ ብርድ ልብስ እያጠፏት ነው፤ ባለፈው ዓመት አንደኛውን ጫፍ ይዤ አግዣቸዋለሁ። ስለ ጤና እንዳይሉ፣ ትከሻዬ አለ።

ላስረዳዎ። ከመነሻው ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ዳገት ድረስ፣ ማለትም ወደ አርባ ደቂቃ ያህል፣ እኔም ከዋናው ቡድን ጋር ነኝ። አርባ ሰው በአንድ ላይ፣ ክርን ለክርን፣ የፊት ጎማህ ከማታውቀው ሰው የኋላ ጎማ አንድ ስንዝር ርቆ ይሄዳል። የፊተኛው ሰው ስምህን አያውቅም፤ ማን ከኋላው እንዳለም ዞሮ አያይም፤ ግን ነፋሱን በደረቱ እየሰነጠቀ ያሳልፍልሃል። ጉድጓድ ሲያይ እጁን ወደ ታች ጠቁሞ «ጉድጓድ!» ይላል። ለእኔ ነው የሚለው። ከእኔ በኋላ ላለውም እኔ እላለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰዎች የሚነግሩኝ በስንተኛው ፎቅ እንደተያዙ ነው፤ እንዳልወድቅ ብሎ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው የማገኘው በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ ዳገቱ ይመጣል፤ እነሱ ይሄዳሉ፤ እኔ ለብቻዬ እስከ መጨረሻው እነዳለሁ። ለአርባው ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል እከፍላለሁ እንበል። አይበዛም።

አርብ የሚዘጋው ይህ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ፤ ያገኘሁትም እርስዎን በመጠበቅ ላይ ሳለሁ ስለሆነ የግኝቱ ግማሽ የእርስዎ ነው። ያለፈው ማክሰኞ በቢሮዎ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጬ ነበር። ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ነበር፤ ሳልዎ ግን ይሰማ ነበርና ጤናዎን በተዘዋዋሪ ማወቄ አጽናንቶኛል። የሚነበብ ነገር ሳጣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለውን የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ከመግቢያው ጀምሬ አነበብኩት። መስታወቱ ላይ የነበረውን የአቧራ ብዛት ሳይ ከመስቀያው ቀን ወዲህ የመጀመሪያው አንባቢ እኔ እንደሆንኩ ገመትኩ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦

«የምዝገባና ሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ ተጠሪነቱ ለተመዝጋቢ አባላት ይሆናል።»

በእጄ መዳፍ መስታወቱን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት። ይሆናል ነው የሚለው፤ ሊሆን ይችላል አይልም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጠሪ ነበረኝ፤ ማንም አልነገረኝም እንጂ። ቅጹን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ቆሜ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ የእርስዎን ሙሉ ስም ከነማዕረግዎ በሳጥኗ ውስጥ ጻፍኩ።

እንዳይቸገሩ መስፈርቶቹን ራሴ አጣርቻለሁ። እርስዎ ተወዳዳሪው አይደሉም። ከእኔ ጋር አልተፋቱም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በየትኛውም የውድድር ቦታ ታይተው ስለማያውቁ፣ በቦታው ያለ ሰው አይጠራም የሚለውን ንዑስ አንቀጽ እንደ እርስዎ አሟልቶ የሚገኝ ሰው በማኅበሩ ውስጥ የለም። ወድቋል ተብሎ ቢነገርዎ ለማን ልንገር ብለው አይጨነቁም፤ ለሚመለከተው ክፍል ይመሩታል። የቢሮዎን ስልክም በሥራ ሰዓት ሰባት ጊዜ ደውዬ ፈትሼዋለሁ፤ በሚገባ ይጠራል። አለመነሳቱ ምዝገባዬን አያሰናክልም። ቃሉን እንደ ጻፋችሁት ብንወስደው «ተጠሪ» ማለት የሚጠራ ነው፤ የሚያነሳ አይልም፤ የሚመጣም አይልም። የሚመጣውን ሰው በምን ቃል እንደሚጠሩት ቅጹ አልተጨነቀበትም፤ ያለ ስም ቢቀርም በሲሚንቶ መኪና ይመጣል።

ለአንድ አንቀጽ ያህል ደግሞ ቀልዴን እንድተው ይፈቀድልኝ። ከእርስዎ ሌላ ስም የለኝም። አድራሻዎቼን ሁሉ አገላብጬ፣ የድሮ የስልክ ደብተሬን ሳይቀር አይቼ፣ በሕይወት ያሉትንና ስሜን ሲሰሙ የትኛው ነው የማይሉትን ለይቼ ነው ይህን የምልዎት። ይህንንም ከመለሱት አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ በዚያ አግዳሚ ላይ እገኛለሁ፤ አልጮህም፣ አልለምንም፣ ቁጥር ስልሳ አንድን ከነመርፌ ቁልፎቿ በእጅዎ አስረክቤ እሄዳለሁ። በእጅዎ መቀበልዎን ብቻ እለምናለሁ፤ ለባለሙያዋ እንዳይመሩኝ።

በስብሰባዎ መካከል ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ቀሪ ዘመንዎ ማኅተምዎ የማይደርቅበት፣ ስልክዎ የማይረብሽዎት፣ ሳልዎም የሚሻልዎት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እስከ አርብ ድረስ በትጋትና በትዕግሥት የእርስዎ ተመዝጋቢ፣

ቁጥር ስልሳ አንድ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ክፍል፣ የትም ይሁን የት
ለሲሚንቶ መኪናው ሾፌር፣ ባሉበት

ሳልዘነጋው፦ በሳጥኗ ሥር «ዝምድና» የምትል አንዲት አጭር መስመር አለች፤ ባዶ ብትቀር ቅጹን ለአራተኛ ጊዜ እንዳያስመልስብኝ ብዬ ከሁሉ በላይ ያሰብኩት በእሷ ላይ ነው። ዘንድሮ በስሜ የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሰብስቤ ሳያቸው አሥራ አንድ ናቸው፤ አሥራ አንዱም ከእርስዎ ናቸው፤ ሁሉም «ውድ አባላችን» ብለው ይጀምራሉ። ስለዚህ «የቅርብ» ብዬ ጽፌያለሁ። ተሳስቼ ከሆነ በደብዳቤ ያሳውቁኝ። ቤት ነኝ።